የሜታል አሚን ናይትሬቶች ሲሞቁ ምን ይሆናሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሞኒያንና ናይትሬትን በአንድ ክሪስታል ውስጥ የያዘ ውህድ ሲሞቅ ሁለት ዕድል አለው። ወይ አሞኒያው ሾልኮ ይወጣል፣ ወይ ሳይወጣ እዚያው ይቃጠላል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደዚህ ፉክክር ይመለሳሉ። ቀመሮቹን በቃላት ነው የጻፍኳቸው። እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ ካነበባችሁ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።

የሜታል አሚን ናይትሬት ምን ዓይነት ውህድ ነው?

መሃል ላይ አንድ የሜታል አዮን አለ። ኮባልት፣ ኒኬል፣ መዳብ፣ ዚንክ ወይም ብር ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን የአሞኒያ ሞለኪውሎች ከበውታል። እያንዳንዱ አሞኒያ በናይትሮጂኑ በኩል ጥንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ከሜታሉ ጋር ይተሳሰራል። ይህ ስብስብ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ቻርጁን የሚያመዛዝኑት ከስብስቡ ውጭ የተቀመጡት የናይትሬት አዮኖች ናቸው።

ሁለት ምሳሌዎችን እስከ መጨረሻው ይዘን እንሄዳለን። አንደኛው ሄክሳአሚን ኮባልት ናይትሬት ነው፤ አንድ ባለ ሦስት ቻርጅ ኮባልት፣ ስድስት አሞኒያ፣ ሦስት ናይትሬት። ሁለተኛው ሄክሳአሚን ኒኬል ናይትሬት ነው፤ አንድ ባለ ሁለት ቻርጅ ኒኬል፣ ስድስት አሞኒያ፣ ሁለት ናይትሬት። በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ። ሲሞቁ ግን ጸባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አሞኒያው ከሜታሉ ጋር፣ ናይትሬቱ ደግሞ ውጭ መሆኑን ያስረዳው አልፍሬድ ቬርነር ነው። ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን በ1913 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አብዛኛውን ማስረጃውን የሰበሰበው ከኮባልትና ከአሞኒያ ውህዶች ነው።

ተራ ናይትሬት ሲሞቅ ከምናየው በምን ይለያል?

ተራዎቹን ናይትሬቶች ከትምህርት ቤት ታውቋቸዋላችሁ። ፖታሲየም ናይትሬት ሲሞቅ ኦክስጅን ለቆ ናይትራይት ይሆናል። የመዳብ፣ የእርሳስና የዚንክ ናይትሬቶች ኦክሳይዳቸውን ያስቀራሉ፤ ቡናማ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ይወጣል። የብር ናይትሬት ሜታሉን ብሩን ራሱን ያስቀራል። እነዚህ ሁሉ ሙቀት የሚወስዱ ሂደቶች ናቸው። እሳቱን ስታጠፉት መፍረሱም ይቆማል።

አሞኒያ ሲጨመርበት ነገሩ ይገለበጣል። ናይትሬቱ ኦክስጅን ሰጪ ነው፤ አሞኒያው ነዳጅ ነው። በአሞኒያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን የኦክሲዴሽን ቁጥሩ ኔጌቲቭ 3 ነው። በናይትሬት ውስጥ ያለው ፖዘቲቭ 5 ነው። ሁለቱ ዜሮ ላይ ይገናኛሉ፤ ማለትም ናይትሮጂን ጋዝ ይሆናሉ። በናይትሮጂን ጋዝ ውስጥ ያለው ሦስት እጥፍ ቦንድ በጣም ጠንካራ ነው፤ ለመስበር በአንድ ሞል 945 ኪሎጁል ገደማ ይፈጃል። ይህ ቦንድ ሲፈጠርና ሃይድሮጂኑም ውሃ ሲሆን ብዙ ሙቀት ይለቀቃል። ስለዚህ አንዴ ከተነሳ ከውጭ የሚመጣ እሳት ላያስፈልገው ይችላል። የራሱን ሙቀት እየበላ ይቀጥላል።

ቡናማው ጭስም ይቀንሳል። የሚፈጠረውን የናይትሮጂን ኦክሳይድ አሞኒያው ይይዘውና ወደ ናይትሮጂንና ውሃ ይለውጠዋል። በናፍጣ መኪኖች የጭስ ማውጫ ውስጥ የሚሠራውም ይኸው ኬሚስትሪ ነው፤ እዚያ አሞኒያው የሚገኘው ከዩሪያ ነው። አሚን ናይትሬት እያሞቃችሁ ቡናማ ጋዝ ካያችሁ አንድ ነገር ተነገራችሁ ማለት ነው። አሞኒያው ቀድሞ አምልጧል፤ ናይትሬቱ ብቻውን ቀርቷል።

የክሎራይድ አሚኖች ለምን እንዲህ አይሆኑም?

ክሎራይድ አሞኒያን የማቃጠል አቅም ስለሌለው ነው። ሄክሳአሚን ማግኒዥየም ክሎራይድን ውሰዱ። ከክብደቱ 52 በመቶ ገደማው አሞኒያ ነው። ስታሞቁት አሞኒያውን በየደረጃው ይለቃል፤ ስታቀዘቅዙትና አሞኒያ ስትሰጡት መልሶ ይይዛል። በዚህ ጸባዩ የተነሳ አሞኒያን በጠጣር መልክ ለማስቀመጥ ይጠናል። ናይትሬቱ ግን እንዲህ ያለ መመለሻ የለውም። የተቃጠለ አሞኒያ አይመለስም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሄክሳአሚን ኮባልት ክሎራይድ ሲሞቅ የሚወጣው አሞኒያ ብቻ አይደለም። ስድስት ሞል ውህድ ሲፈርስ ስድስት ኮባልት ክሎራይድ፣ ስድስት አሞኒየም ክሎራይድ፣ ሃያ ስምንት አሞኒያና አንድ ናይትሮጂን ጋዝ ይሰጣል። ናይትሬት በሌለበት ያ ናይትሮጂን ጋዝ ከየት መጣ? ከኮባልቱ የተነሳ ነው። ባለ ሦስት ቻርጁ ኮባልት ከአሞኒያው ኤሌክትሮን ነጥቆ ባለ ሁለት ቻርጅ ይሆናል። ስለዚህ ሜታሉ ዝም ብሎ መሃል ላይ የተቀመጠ ተመልካች አይደለም። እሱም ኦክሲዳይዘር፣ ማለትም ኤሌክትሮን ነጣቂ፣ ሊሆን ይችላል። ይህን ከያዛችሁ የሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ይቀልላችኋል።

ኒኬሉና ኮባልቱ ለምን ይለያያሉ?

ኒኬሉ አሞኒያውን የያዘው ላላ ብሎ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር መጀመሪያ የተወሰኑት አሞኒያዎች ይወጣሉ። ይህ ክፍል ሙቀት ወሳጅ ነው። ከስድስቱ ወደ አራት፣ ከዚያም ወደ ሁለት ይወርዳል። የወጣው አሞኒያ የለቀቀውን ቦታ ናይትሬቱ ገብቶ ይይዘዋል፤ ከውጭ የነበረው አዮን አሁን ከኒኬሉ ጋር ይተሳሰራል። በመጨረሻ የቀረው አሞኒያና ናይትሬቱ እርስ በርስ ይያያዙና ሙቀት እየለቀቁ ይፈርሳሉ። የሚቀረው የኒኬል ኦክሳይድ ነው።

ባለ ሦስት ቻርጁ ኮባልት ደግሞ አሞኒያውን አጥብቆ ይይዛል። ስድስቱ ዲ ኤሌክትሮኖቹ ዝቅተኛዎቹን ሦስት ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮን ማረፊያዎች) በጥንድ ሞልተው ተቀምጠዋል። ይህ አቀማመጥ አሞኒያው ቦታውን በቀላሉ እንዳይለቅ ያደርገዋል። ስለዚህ እንደ ኒኬሉ ያለ ቀስ ያለ የመለቀቅ ደረጃ እምብዛም አይታይም። ሙቀቱ ወሳኙን ነጥብ ሲነካ ኮባልቱ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ትስስሩ ይላላል፣ አሞኒያውና ናይትሬቱ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሆናል። ናሙናው ሲሞቅ ክብደቱ እንዴት እንደሚቀንስ በሚያሳየው ግራፍ ላይ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

በእኔ አስተያየት የዚህ ርዕስ ውበት እዚህ ጋ ነው። የአሞኒያውም የናይትሬቱም ባሕርይ በሁለቱ ውህዶች ውስጥ አንድ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው መሃል ላይ ያለው አዮን ነው።

የኦክስጅን ሒሳቡስ እንዴት ነው?

ወረቀታችሁን አውጡ። በሄክሳአሚን ኮባልት ናይትሬት ውስጥ ስድስት አሞኒያ አለ፤ ማለትም 18 ሃይድሮጂን። ሦስት ናይትሬት አለ፤ ማለትም 9 ኦክስጅን። አሥራ ስምንት ሃይድሮጂን ዘጠኝ ውሃ ለመሆን ልክ ዘጠኝ ኦክስጅን ይፈልጋል። አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። በወረቀት ላይ የሚቀረው ንጹሕ ኮባልት፣ ዘጠኝ ውሃና አራት ተኩል ናይትሮጂን ጋዝ ነው።

በኤሌክትሮንም አረጋግጡት። ስድስቱ አሞኒያዎች በጠቅላላው 18 ኤሌክትሮን ይሰጣሉ። ሦስቱ ናይትሬቶች 15 ይቀበላሉ። ኮባልቱ የቀሩትን 3 ይወስዳል። ድምሩ ገጠመ። እንዲህ ያለ ሒሳብ በኬሚስትሪ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም፤ እኔ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። በተግባር ግን ጥቂት አሞኒያ ያመልጣል፣ ጥቂት የናይትሮጂን ኦክሳይድ ይወጣል። በአየር ውስጥ የተሞቀ እንደሆነም የሚቀረው ኮባልቱ ራሱ ሳይሆን የኮባልት ኦክሳይድ ነው።

ወደ ኒኬሉ እንምጣ። እዚህም 18 ሃይድሮጂን አለ፤ ኦክስጅኑ ግን 6 ብቻ ነው። ነዳጁ በዝቷል፣ ኦክስጅኑ አንሷል። አሁን አራት አሞኒያ ይውጣ እንበል። ሁለት አሞኒያ፣ ማለትም 6 ሃይድሮጂን ይቀራል። ለውሃው 3 ኦክስጅን፣ ለኒኬል ኦክሳይዱ 1 ኦክስጅን ያስፈልጋል። ሁለት ኦክስጅን ይተርፋል። ሲነሳ የኦክስጅን ድሃ የነበረው ውህድ መንገድ ላይ የኦክስጅን ሀብታም ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ኒኬሉ ሲሞቅ የሚፈርሰው አንድ ቋሚ ውህድ አይደለም፤ ስብጥሩ በየደቂቃው ይለዋወጣል። በዝግታ ብታሞቁት አሞኒያው የሚያመልጥበት ጊዜ ያገኛል። በፍጥነት ብታሞቁት አብዛኛው አሞኒያ ናይትሬቱ ሲነቃ ገና እዚያው ነው። የሚወጣው ጋዝም፣ የሚለቀቀው ሙቀትም ይለያያል። ሁለት ቤተ ሙከራዎች ስለ አንድ ውህድ የተለያየ ውጤት ሲያወጡ አንዱ ተሳስቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የማሞቂያውን ፍጥነት፣ የናሙናውን ክብደትና የዕቃውን ክዳን ተመልከቱ።

የክብደት ግራፉን እንዴት ነው የማነበው?

ናሙናው እየሞቀ ክብደቱን የሚመዝን መሣሪያ ቴርሞባላንስ ይባላል። ጃፓናዊው ኮታሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1915 የሠራው ነው። ዛሬ ቴክኒኩን ቲጂ ብለን እንጠራዋለን። የሙቀት መግባትና መውጣትን የሚያሳየው ዲኤስሲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይሠራል። ሁለቱን ለየብቻ ማንበብ ግማሽ ወሬ መስማት ነው። ክብደት መቀነሱን ቲጂ ይነግራችኋል፤ አሞኒያው ወጥቶ ነው ወይስ ተቃጥሎ የሚለውን ግን ከዲኤስሲው አቅጣጫ ነው የምታዩት።

ኒኬሉን እንሥራ። የሞል ክብደቱ 284.9 ግራም ነው። አራት አሞኒያ 68.1 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አራቱ ሲወጡ 23.9 በመቶ ይቀንሳል፤ ግራፉ 76.1 በመቶ ላይ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ የኒኬል ኦክሳይድ ብቻ ቢቀር 26.2 በመቶ ማግኘት አለባችሁ። ኒኬሉ ብቻውን ቢቀር 20.6 በመቶ ነው። ኮባልቱን ደግሞ እንይ። የሞል ክብደቱ 347.1 ግራም ነው። ሦስት ኮባልትና አራት ኦክስጅን ያለው ኦክሳይድ ቢቀር 23.1 በመቶ፣ አንድ ለአንድ የሆነው ኦክሳይድ ቢቀር 21.6 በመቶ፣ ኮባልቱ ብቻውን ቢቀር 17 በመቶ ነው። በአየር ውስጥ ማሞቁን ከቀጠላችሁ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ትንሽ ቅናሽ ታያላችሁ፤ የመጀመሪያው ኦክሳይድ ኦክስጅን ለቆ ወደ ሁለተኛው የሚቀየርበት ቦታ ነው።

አሁን ግራፉ 12 በመቶ ላይ ቢቆምስ? ከላይ ካሉት ቁጥሮች በአንዱም ላይ አላረፈም። ከንጹሕ ሜታሉ በታች መውረድ አይቻልም፤ ሜታሉ አይተንም። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚመጣው ናሙናው ከዕቃው ተፈናጥሮ ሲወጣ ነው። ጋዙ በድንገት ሲወጣ ዱቄቱን ይዞት ይሄዳል። ምድጃውን ከፍታችሁ የዕቃውን ጠርዝና የውስጥ ግድግዳ ብታዩ ጥቁር ብናኝ ታገኛላችሁ። መፍትሔው ናሙናውን መቀነስና ቀዳዳ ያለው ክዳን መጠቀም ነው። ያን ግራፍ አስተካክሎ ሪፖርት ውስጥ ማስገባት ግን በፍጹም ተገቢ አይደለም።

ሌላ ትንሽ ነገር። የኒኬሉ ውህድ ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ አሞኒያ ይለቃል። ጠርሙሱን ስትከፍቱ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ከመጣ የተወሰነው ቀድሞ ሄዷል። የግራፉ መነሻ 100 በመቶ ቢልም ውህዱ ባለ ስድስት አሞኒያ ላይሆን ይችላል። ከማሞቃችሁ በፊት የአሞኒያውን መጠን በቲትሬሽን (መጠኑ በታወቀ አሲድ እያመዛዘኑ) መለካት ብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

የሚወጡትን ጋዞች በምን ለይቼ አውቃለሁ?

ቲጂውን ከማስ ስፔክትሮሜትር ወይም ከኢንፍራሬድ መሣሪያ ጋር በማገናኘት። ግን ሁለቱም ወጥመድ አላቸው።

ማስ ስፔክትሮሜትሩ ጋዞችን በሞለኪውላቸው ክብደት ይለያል። እዚያ ላይ 17 ቁጥር የአሞኒያ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ውሃም እዚያው 17 ላይ ምልክት ይሰጣል፤ ከ18ቱ አንድ አምስተኛ ገደማ። ስለዚህ 17 ስታዩ መጀመሪያ 18ን ተመልከቱ፣ የውሃውን ድርሻ ቀንሱ፣ የቀረው ነው የአሞኒያ። በአርጎን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ 16ም ይረዳል፤ ኦክስጅን ካለ ግን እሱም 16 ላይ ይገባል። 30 ቁጥር ናይትሪክ ኦክሳይድ ብቻ አይደለም። ናይትረስ ኦክሳይድም ሲሰበር 30 ይሰጣል። 44 ላይ ናይትረስ ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደራረባሉ። 28 የናይትሮጂን ጋዝ ነው፤ የምታሳልፉት ጋዝ ራሱ ናይትሮጂን ከሆነ ግን ምንም አታዩም። በዚህ ሥራ ዋናው ውጤት ናይትሮጂን ጋዝ ሆኖ ሳለ ሙከራውን በናይትሮጂን ውስጥ መሥራት ዓይንን ጨፍኖ መመልከት ነው። አርጎን ወይም ሂሊየም ተጠቀሙ።

ኢንፍራሬዱ ደግሞ አሞኒያን በደንብ ያያል፤ 930 እና 965 የሞገድ ቁጥር ላይ ሁለት ሹል ጫፎች አሉት። ናይትረስ ኦክሳይድም 2,220 አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ናይትሮጂን ጋዝን ግን ኢንፍራሬድ ፈጽሞ አያየውም። እኔ የምመክረው ሁለቱንም መሣሪያ ነው። አንድ ብቻ ካላችሁ የትኛውን ጋዝ ማየት እንዳልቻላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ጽሑፎች ላይ ያሉት የአክቲቬሽን ኢነርጂ ቁጥሮች ለምን አይስማሙም?

አክቲቬሽን ኢነርጂ አንድ ሂደት እንዲነሳ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ነው። ቁጥሮቹ የማይስማሙት አንድ ቁጥር የሚበቃው ለአንድ ሂደት ስለሆነ ነው። እዚህ ቢያንስ ሁለት ሂደቶች ይሽቀዳደማሉ። የአሞኒያ መውጣት በአካባቢው ባለው የአሞኒያ ግፊት ይወሰናል። ክዳኑን ስትዘጉ ግፊቱ ይጨምራል፣ መውጣቱ ይዘገያል፣ ቁጥሩም ይቀየራል። ማቃጠሉ ደግሞ ሙቀት ስለሚለቅ ናሙናው መሣሪያው ከሚያሳየው በላይ ይሞቃል። ከዚያ የወጣ ስሌት ስለ ኬሚስትሪው ሳይሆን ስለ ናሙናው መጋል ነው የሚናገረው።

ኪሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በተለያየ የማሞቂያ ፍጥነት የግራፉ ጫፍ የሚታይበትን ሙቀት መዝግቦ አክቲቬሽን ኢነርጂውን ማስላት ነው። ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለጠቅላላው ሂደት አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ዓለም አቀፉ የቴርማል አናሊሲስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ከአንድ በላይ የማሞቂያ ፍጥነት መጠቀምንና ኢነርጂው በየደረጃው እንዴት እንደሚለዋወጥ ማሳየትን ይመክራል። በአንድ ግራፍ ብቻ የተሰላ ቁጥር ስታገኙ አትመኑት። ለመጥቀስ ቢመች እንኳ አትጥቀሱት።

ለምን ይጠቅማል?

አንደኛው ጥቅም የሚቀረው ኦክሳይድ ነው። ጋዙ በብዛትና በፍጥነት ስለሚወጣ ጠጣሩን ይበታትነዋል። የሚቀረው ኦክሳይድ በጣም ደቃቅ፣ ቀዳዳ የበዛበትና ሰፊ የገጽታ ስፋት ያለው ይሆናል። ለካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሂደትን ለሚያፋጥን ነገር፣ የሚፈለገውም ይህ ነው። ቅሪቱ ውስጥ ክሎሪንም ሰልፈርም አለመኖሩ ሌላ ጥቅም ነው፤ ሁለቱም ካታሊስትን ይመርዛሉ። የዚህ ዘመድ የሆነ ዘዴ በባንጋሎር የሕንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት እነ ፓቲል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያሳደጉት ነው። የሜታል ናይትሬትን ከዩሪያ ጋር በውሃ አሟምተው በማቀጣጠል ደቃቅ ኦክሳይዶችን ሠሩ። እዚያም ናይትሬቱ ኦክሲዳይዘር ነው፤ ነዳጁ ግን ከውጭ የተጨመረ ነው።

ሁለተኛው ጋዝ ማመንጨት ነው። ሄክሳአሚን ኮባልት ናይትሬት ለኤርባግ ማንፊያነት በ1990ዎቹ ተጠንቶ የፓተንት ሰነዶች ወጥተውለታል። ምክንያቱ ከላይ የሠራነው ሒሳብ ነው፦ ውሃና ናይትሮጂን፣ ከዚያም ተጣርቶ የሚቀር ጠጣር።

ይፈነዳል?

አንዳንዶቹ በአንዳንድ ሁኔታ፣ አዎ። ስለዚህ ሁሉንም እንደሚፈነዱ አድርጎ መያዝ ነው ትክክለኛው መነሻ።

እዚህ ወሳኙ የሙቀት ገቢና ወጪ ነው። ናሙናው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በገጽታው በኩል ካልወጣ ናሙናው ራሱን ያሞቃል። ሲሞቅ መፍረሱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የበለጠ ይሞቃል። ይህን በሒሳብ ያስቀመጠው ኒኮላይ ሴሜኖቭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ገደማ። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ስለ መጠን ነው። አንድ ሚሊግራም ክፍት ዕቃ ላይ ሆኖ በጸጥታ የሚፈርስ ነገር፣ በብዛት ተከምሮ ወይም ታፍኖ ሌላ ነገር ነው። በቲጂ ያያችሁት የሙቀት ደረጃ "እስከዚህ ድረስ ደህና ነው" የሚል ዋስትና አይደለም።

የቅርብ ዘመዱን አሞኒየም ናይትሬትን ተመልከቱ። እሱም ነዳጅና ኦክሲዳይዘር በአንድ ላይ ነው። 170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። በጥንቃቄ በትንሹ ሲሞቅ ናይትረስ ኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል። ይኸው ውህድ ነው በ1921 የጀርመኗን ኦፓውን፣ በ1947 ቴክሳስ ሲቲን፣ ነሐሴ 4 ቀን 2020 ቤሩትን ያወደመው (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር)። ቤሩት ላይ የተከማቸው 2,750 ቶን ገደማ ነበር። የሜታል አሚን ናይትሬቶች ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። እንደ መዳብና ኮባልት ያሉ ሜታሎች የመፍረስ ካታሊስት ናቸው፤ የሚቀረው ኦክሳይድም ቀሪውን ያፋጥነዋል።

ስለዚህ በቲጂ ላይ ከጥቂት ሚሊግራም አትለፉ፤ ለማታውቁት ውህድ ከአንድ ሚሊግራም ጀምሩ። ዕቃውን አትድፈኑ። በብረት ማንኪያ አትፋቁ፣ ደረቁን በሙቀጫ አትፍጩ። ከወረቀት፣ ከዘይት፣ ከአልኮል ርቆ ይቀመጥ። ናይትሬቱን በፐርክሎሬት (ክሎሪን ባለው ሌላ ኦክስጅን ሰጪ አዮን) የመተካት ሐሳብ ከመጣላችሁ ተዉት። የፐርክሎሬት አሚኖች ከዚህም የባሱ ናቸው።

ቤት ውስጥ መሞከር እችላለሁ?

አይሆንም። የአሠራር ዘዴም እዚህ ገጽ ላይ አታገኙም። ይህ ጭስ መሳቢያ፣ መከላከያ መስተዋት፣ የተመዘገበ የሥራ ፈቃድና አጠገባችሁ የሚቆም ልምድ ያለው ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው።

ትምህርት ቤት የምንሠራው የቶለንስ መፍትሔስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በደንብ እንጂ። የቶለንስ መፍትሔ (ሶሉሽን) ማለት ዲአሚን ብር ናይትሬት፣ ማለትም ሁለት አሞኒያ የያዘ ብር፣ በውሃ ውስጥ ነው። አልዲሃይድ የሚባሉትን የካርቦን ውህዶች ለመለየት፣ በብልቃጥ ውስጥ የብር መስታወት ለመሥራት እንጠቀምበታለን። ብዙ መምህራን ተማሪ ፊት የሚሠሩት ደስ የሚል ሙከራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ።

አደጋው የሚመጣው ከሙከራው በኋላ ነው። መፍትሔው ተቀምጦ ሲያድር የብር ናይትራይድ ሊፈጠር ይችላል። ይህ ጥቁር ዝቃጭ ሲነካ፣ ሲወዘወዝ፣ ሲደርቅ ይፈነዳል። ማሞቂያ እንኳ አያስፈልገውም። በዚህ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ አዘጋጁ። ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጡ፤ "ለነገ ይሆናል" ብሎ ነገር የለም። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ የተረፈውን በተቀጠነ ናይትሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጉት። አሲዱ አሞኒያውን ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል፣ ስብስቡም ይፈርሳል። ከዚያ የብር ቆሻሻ በሚሰበሰብበት ዕቃ ውስጥ ጨምሩት። ብልቃጡን በብዙ ውሃ እጠቡ። አሮጌ ጠርሙስ ጥቁር ዝቃጭ ይዞ መደርደሪያ ላይ ካገኛችሁ አትክፈቱት፣ አታንሱት። ክፍሉን ዘግታችሁ የሚመለከተውን የደህንነት ሰው ጥሩ።

የሚቀረው ዱቄት ራሱ አደጋ አለው?

የኒኬሉ አለው። የኒኬል ውህዶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ተመድበዋል፤ መንገዱ በዋናነት በመተንፈስ ነው። ከአሚን ናይትሬት የሚቀረው ኦክሳይድ ደግሞ እጅግ ደቃቅና ቀላል ነው፤ ትንፋሽ ይበቃዋል ለመነሳት። የቲጂውን ዕቃ ጭስ መሳቢያ ውስጥ አውጡ። የተበተነውን በደረቅ ብሩሽ አትጥረጉ፤ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ከሜታል ቆሻሻው ጋር አስቀምጡ። የኮባልቱንም በዚሁ መንገድ ያዙት።